ኩፐር ብላክ፦ ድብልብሉ የርዕስና የማስታወቂያ ፊደል

ኩፐር ብላክ ለርዕስ፣ ለማስታወቂያና ለምርት ማሸጊያ የሚውል ወፍራም የላቲን ፊደል ነው። ቀራጩ አሜሪካዊው ኦስዋልድ ኩፐር (1879–1940) ሲሆን በ1922 ለገበያ ያቀረበው ከእርሳስ ብረት የማተሚያ ፊደል የሚያመርተው የቺካጎ ድርጅት ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ኩፐር ቺካጎ ውስጥ በፍራንክ ሆልም የሥዕል ትምህርት ቤት ሲማር ፊደል ቀራጩ ፍሬድሪክ ጋውዲ አስተምሮታል። በ1904 ከፍሬድ በርሽ ጋር ድርጅት ከፍቶ የማስታወቂያ ጽሑፍ በእጁ ይሥል ጀመር። ለፓካርድ መኪና ማስታወቂያ የሣለው ጽሑፍ ስለተወደደ ፊደል አምራቹ አሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ በ1913 «ፓካርድ» የተባለ ፊደል አወጣበት። በ1919 ኩፐር ኦልድ ስታይል፣ ቀጥሎ ወፍራሙ ወንድሙ ኩፐር ብላክ መጣ። ወግ አጥባቂዎች «ጥቁሩ ስጋት» ቢሉትም ገበያው ደራ። ኩፐር ራሱ ፊደሉ «አርቀው ለሚያዩ፣ ደንበኞቻቸው ግን አርቀው ማየት ለተሳናቸው አታሚዎች» ነው ብሎ ቀልዷል። ስኬቱን ከጋውዲ ተጽዕኖ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ይሁንና ሞኖታይፕ የተባለው ፊደል አምራች በ1925 ተፎካካሪ ፊደል ያወጣው በጋውዲ እጅ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ዘመም ያለው ዓይነት በ1926 ተጨመረ።

ከዚያ ወዲያ ቀዝቅዞ ቆይቶ በ1960ዎቹና 70ዎቹ በተለጣፊ ፊደልና ጽሑፍን በፎቶ ፊልም በሚያዘጋጅ መሣሪያ ተመለሰ። የሙዚቃ ቡድኑ ቢች ቦይስ የ1966 አልበም ሽፋንና የአየር መንገዱ ኢዚጄት አርማ የፊደሉ የታወቁ ማሳያዎች ናቸው።

ፊደሉን ተጫዋች የሚያስመስለው ሹል ጫፍ የሌለው መሆኑ ነው። እግሮቹ ከሥር ክብ ናቸው፣ የ«ኦ» (O) እና የ«ኪው» (Q) ውስጣዊ ክፍተት ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ የ«አይ» (i) ነጥብም ሞላላ ናት።

ክፍተቶቹ ጠባብ ስለሆኑ ከ18 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) በታች አይመከርም። ቀለም ሲሰፋ መጀመሪያ የሚደፈነው የ«ኢ» (e) ዓይን ነው፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሲታተም ደግሞ ቀለሙ ወደ ፊደሉ ገብቶ ቀጭን ክፍሎቹን ይበላል። ርዕስ ሲሆን ፊደላቱን ጠጋ ጠጋ ማድረግ ያምርበታል፤ ሙሉውን በትልቁ ፊደል መጻፍ ግን ያከብደዋል።

የግዕዝ ፊደል የለውም። አማርኛ ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይተካና በአንድ ባነር ላይ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ብዙዎች ይህን ለማስተካከል ቦልድ ይጫናሉ፤ በራሱ ወፍራም ቅርጽ የሌለው ፎንት ላይ ግን መስመሩ ወደ ውስጥም ስለሚያብጥ በኃምስ ፊደላት እግር ላይ ያለችው ቀለበት ትደፈናለች፣ «ሌ» ከ«ሊ» አይለይም፣ «ቤት»ም «ቢት» ይነበባል። የሚሻለው ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የተሣለ የአማርኛ ፎንት መምረጥ፣ መጠኑንም በፖይንት ቁጥር ሳይሆን የቋሚ መስመሩን ውፍረት ከላቲኑ ጋር አስተያይቶ መወሰን ነው። ካልተገኘ ጽሑፉን ወደ ከርቭ (እንደ ሥዕል ሊስተካከል ወደሚችል መስመር) ቀይሮ እያንዳንዷን ቀለበት በእጅ መክፈት ያስፈልጋል።