ዮሃናይት ምንድን ነው?

ዮሃናይት ዩራኒየምን፣ መዳብንና ሰልፌትን (የድኝና የኦክስጅን ውሕድ) ከውኃ ጋር አዋሕዶ የያዘ፣ እምብዛም የማይገኝ አረንጓዴ ማዕድን ነው። ከሰልፌት ማዕድናት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ጄሶን ነው፤ ዮሃናይትም በልስላሴው ከጄሶ ብዙ አይርቅም፤ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ2 እስከ 2.5 ስለሆነ በጥፍር ሊጫር ይችላል። በክብደት ግን አይገናኙም። የጄሶ ጥግግት ከውኃ 2.3 እጥፍ ሲሆን የዮሃናይት 3.3 እጥፍ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ከክብደቱ 49 በመቶ ያህሉ ዩራኒየም ነው።

ማዕድኑን በ1830 በዚህ ስም የገለጸው ኦስትሪያዊው የማዕድን ሊቅ ቪልሄልም ሃይዲንገር ነው። ስሙ የተሰጠው በግራትስ ከተማ የዮአኔውምን ሙዚየም በ1811 ላቋቋመው ለኦስትሪያው ልዑል ዮሐን መታሰቢያ ነው፤ ዮሐን የእኛው ዮሐንስ ስለሆነ «ጆሃናይት» ከማለት «ዮሃናይት» ማለት የተሻለ ይመስለኛል። ናሙናው የተገኘው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው በያኺሞቭ፣ በጀርመንኛ ስሟ በዮአኺምስታል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያ ሸለቆ በወጣ ብር የተሠራው ገንዘብ ዮአኺምስታለር፣ ሲያጥር ደግሞ ታለር ተባለ፤ አያቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ይሉት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ታለር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ማሪና ፒየር ኩሪም በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን የለዩት ከያኺሞቭ በመጣ የዩራኒየም ማዕድን ላይ ሠርተው ነው።

የዚህ ማዕድን ትልቁ ቁም ነገር አወላለዱ ነው። በመሬት ጥልቀት፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ስፍራ፣ ዩራኒየም ዩራኒናይት በሚባል ጥቁርና ከባድ ማዕድን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በዚያ ሁኔታው በውኃ ለመሟሟት እጅግ ያስቸግራል። ሰው ዋሻ ቆፍሮ አየርና እርጥበት ሲያስገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዩራኒናይቱ ጎን ያሉት ፓይራይትና ቻልኮፓይራይት የተባሉት የድኝ ማዕድናት ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕደው ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫሉ፤ ቻልኮፓይራይት በተጨማሪ መዳቡን ይለቃል። ዩራኒየሙም ተጨማሪ ኤሌክትሮኖችን አጥቶ ሁለት ኦክስጅኖችን ግራና ቀኝ የያዘ፣ ዩራኒል የሚባል አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ይሆናል፤ ይህ አዮን በአሲዳማ ውኃ በቀላሉ ይሟሟል። ውኃው በድንጋዩ ስንጥቅ አልፎ በዋሻው ግድግዳ ላይ ሲወጣና ቀስ እያለ ሲተን፣ የተሸከመውን ሁሉ ትቶ ይሄዳል፤ በቂ መዳብ ካለበት ግድግዳው ላይ ቀጫጭን አረንጓዴ ክሪስታሎች ወይም እንደ ቅርፊት የተለጠፈ ሽፋን ይቀራል። ስለዚህ በአሮጌ ዋሻዎች ውስጥ የሚታየው ዮሃናይት ብዙውን ጊዜ ከቁፋሮው በኋላ የተፈጠረ፣ ከዋሻው በዕድሜ የሚያንስ ማዕድን ነው።

በውስጡ ሲታይ፣ ዩራኒሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰልፌት ተያይዘው ንብርብር ይሠራሉ፤ መዳቡና አብዛኛው ውኃ በንብርብሮቹ መካከል ይገባሉ። ይህ የመዳብ መኖር ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው ቀለሙ ነው፤ መዳብ የሌለባቸው የቅርብ ዘመዶቹ፣ ለምሳሌ ዚፔይትና ዩራኖፒላይት፣ ቢጫ ሲሆኑ እርሱ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ለብዙ ሰብሳቢዎች ያልተጠበቀ ነው፤ ዩራኖፒላይት በጨለማ ክፍል አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፣ ዮሃናይት ግን ጭልም ብሎ ይቀራል፤ ዩራኒሉ የተቀበለውን ጉልበት በብርሃን መልክ ከመመለሱ በፊት መዳቡ ይወስድበታልና። ስለዚህ «አላበራም፤ እንግዲያው ዩራኒየም የለበትም» ማለት ስሕተት ነው፤ ዩራኒየም መኖሩን የሚናገረው የጨረራ መለኪያው ነው።

የቀድሞ የማዕድን መጻሕፍት ጣዕሙ መራራ መሆኑን መዝግበዋል፤ አንድ ሰው በምላሱ ቀምሶታል ማለት ነው። ዛሬ ይህን የሚሞክር አይኖርም፤ ዩራኒየም ከጨረራው ሌላ በመርዛማነቱ ኩላሊትን ይጎዳል። ናሙና ያለው ሰው በክዳን ሣጥን፣ አየር በሚዘዋወርበትና ከመኝታ ክፍል በራቀ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከነካው በኋላ እጁን መታጠብ አለበት፤ አቧራውን አጸዳለሁ ብሎ ናሙናውን ውኃ ውስጥ መንከር ግን ክሪስታሉን ራሱን ማሟሟት ሊሆን ይችላል።