ከእንጨት የተገኘ ካርቦን በብረት ማቅለጫ ኮክ ውስጥ

ኮክ የድንጋይ ከሰል አየር ሳያገኝ ተጋግሮ የሚገኝ ጠንካራ የብረት ማቅለጫ ነዳጅ ነው። ባዮኮክ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው፣ ለኮክ ከሚቀላቀለው የድንጋይ ከሰል ጥቂቱ በእንጨት ከሰል፣ በሰጋቱራ ወይም በሌላ የዕፅዋት ተረፈ ምርት ተተክቶ የሚጋገር የብረት ማቅለጫ ኮክ ነው። ዓላማው ልቀትን መቀነስ ነው። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከብረት ኢንዱስትሪ ሲሆን፣ የዚህም ትልቁ ድርሻ ብላስት ፈርነስ ከሚባሉት ረጃጅም እቶኖች ነው። ዛፍ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ካርቦን ሲቃጠል ተመልሶ ቢወጣ እንደ አዲስ ጭማሪ አይቆጠርም ይባላል፤ ይህ የሚያስኬደው ግን በተቆረጠው ዛፍ ምትክ ሌላ ከበቀለ ነው።

በእንጨት ከሰል ብረት ማቅለጥ ራሱ ጥንታዊ ነው። በደቡብ ኦሞ የዲሜ ብረት አቅላጮችም የተጠቀሙት እሱኑ ነበር። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ እ.ኤ.አ. በ1709 ኮልብሩክዴል ላይ በኮክ ማቅለጥ ከጀመረ በኋላ ግን ኮክ ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ፣ እቶኖቹም እየገዘፉ ሄዱ።

ኮክ በእቶኑ ውስጥ ሙቀት ይሰጣል፣ ኦክስጅንን ከማዕድኑ የሚነጥቀውን ጋዝ ያመነጫል፣ ለብረቱም ካርቦን ያቀብላል። ለእነዚህ የእንጨት ከሰልም አያንስም። የሚያቅተው ሸክሙ ነው። ማዕድኑ እየለሰለሰ በሚቀልጥበት የእቶኑ ክፍል ጠጣር ሆኖ የሚቀረው ኮክ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለውን ክምር ደግፎ ትኩስ ጋዝ ወደ ላይ፣ የቀለጠ ብረት ወደ ታች የሚያልፍበትን ክፍተት ይጠብቃል። ኮኩ ተፈርፍሮ ዱቄት ከሆነ መተላለፊያው ይደፈናል።

ይህ ጥንካሬ የሚወለደው በኮክ መጋገሪያው ውስጥ ነው። መጋገሪያው ስፋቱ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ፣ ከፍታው ግን ከ6 ሜትር ሊበልጥ የሚችል ጠባብ ክፍል ነው። የተፈጨው የድንጋይ ከሰል አየር ሳያገኝ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ያህል ይቆይና ወደ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ዋናው ነገር የሚፈጸመው ግን ከ350 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ጊዜ ነው፤ ጥሩ የኮክ ከሰል ያኔ ይለሰልሳል፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ይጣበቃል፣ መልሶም ይጠጥራል። ጥሬ እንጨት ጋዙን በብዛት የሚለቀው ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ የድንጋይ ከሰሉ በደንብ ሲለሰልስ እሱ ጉዳዩን ጨርሷል። አስቀድሞ የከሰለው እንጨት ደግሞ ጭራሹን አይለሰልስም፤ ይባስ ብሎ በቀዳዳዎቹ የድንጋይ ከሰሉን ማጣበቂያ ፈሳሽ ይመጥጣል። ጥቂት በመቶ ብቻ ሲጨመር እንኳ የውህዱ ፈሳሽነት የሚወርደው ለዚህ ነው።

ሌላው ጣጣ አመዱ ነው። የእንጨት አመድ በመጠን ከድንጋይ ከሰል አመድ ቢያንስም ካልሲየምና ፖታሲየም ይበዛበታል። እነዚህ ደግሞ ኮኩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚበላበትን ፍጥነት ይጨምራሉ። ጉዳቱ በፋብሪካ ቤተ ሙከራ በቁጥር ይታያል፦ 20 ሚሊ ሜትር ያህል መጠን ያላቸው 200 ግራም የኮክ ቁርጥራጮች በ1100 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋባቸዋል፣ የጎደለው ይመዘናል፤ የተረፈው በብረት በርሜል ውስጥ 600 ጊዜ ይሽከረከርና በወንፊት ይነፋል። ትልልቅ እቶኖች በወንፊቱ ላይ 60 በመቶና ከዚያ በላይ እንዲቀር ይፈልጋሉ። እንጨት የገባበት ኮክ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የካናዳው የምርምር ተቋም ካንሜት ኢነርጂ በኦታዋ፣ የስፔኑ የምርምር ተቋም ኢንካር በኦቪዬዶ ጉዳዩን በሙከራ መጋገሪያ ከመረመሩት መካከል ናቸው። መፍትሔ ተብለው የሚሞከሩት የእንጨቱን ከሰል ሳያደቅቁ በሻካራው መጨመር፣ ውህዱን ጠቅጥቆ ማስገባት፣ ሬንጅ መሰል ማጣበቂያ መቀላቀልና አመዱን በውሃ ወይም በአሲድ ማጠብ ናቸው። ማሻሻያው እውነት ነው፤ ያም ሆኖ ከ5 በመቶ ብዙ ርቆ መሄድ ከባድ ነው። በጎ ጎኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ የእንጨት ከሰል ድኝ እጅግ ጥቂት ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቶሎ የሚበላ ኮክ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ነዳጅ ይቆጥባል በሚል፣ ሆን ተብሎ ካልሲየም የበዛበት ኮክ ተሠርቷል።

5 በመቶ ትንሽ የሚመስለው እንጨቱ እስኪቆጠር ነው። በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ኮክ የሚያወጣ ፋብሪካ 1.3 ሚሊዮን ቶን ያህል የድንጋይ ከሰል ይፈልጋል፤ በእንጨት ከሰል የሚተካው 5 በመቶው 65 ሺህ ቶን ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ከሰል ሆኖ የሚቀረው ከሩብ እስከ ሲሶ ስለሆነ፣ በየዓመቱ 200 ሺህ ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደረቅ እንጨት ማቅረብ ያስፈልጋል።

ይህን ያህል እንጨት የለመደችው ብራዚል ናት። በሚናስ ዤራይስ ግዛት በ7 ዓመት ገደማ የሚደርስ ባሕር ዛፍ ለከሰል ይተከላል፤ ቲሞቴኦ ያለው የአፔራም ፋብሪካም ከድንጋይ ከሰል ኮክ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ በእንጨት ከሰል ይሠራል። ደካማው የእንጨት ከሰል ከባድ ክምር ስለማይሸከም ግን እንዲህ ያሉ እቶኖች ትንንሽ ናቸው።

ግዙፍ እቶን ያላቸው ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚቀላቸው ሌላው መንገድ ነው፦ የእንጨቱን ከሰል ፈጭቶ በእቶኑ የታችኛው ክፍል ከትኩስ አየር ጋር መንፋት። ዱቄት ሸክም ስለማይጠየቅ የበርሜሉ ፈተና አይመለከተውም። የአርሴሎርሚታል የጌንት ፋብሪካ በቤልጂየም አሮጌ እንጨት አክስሎ ለዚሁ የሚያውል ተቋም ተክሏል። ክምሩን የሚደግፈውን ኮክ ግን ዱቄቱ ሊተካው አይችልም።