የማሳያ ምልክት መቀየሪያ ቺፖችና የሎጂክ ቮልቴጅ መጣጣም

የማሳያ ምልክት መቀየሪያ ቺፕ ከፕሮሰሰር የሚወጣውን የምስል መረጃ የማሳያው ፓነል ወደሚቀበለው ምልክት ይለውጣል። ቺፑ ሲመረጥ ቀድመው የሚታዩት የምስል ጥራትና ፍጥነት ናቸው። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው ግን ፕሮሰሰሩ «አንድ» ብሎ የላከው ቮልቴጅ በመቀየሪያው ግብዓት ላይ «አንድ» ሆኖ አለመቆጠሩ ነው። ስለዚህ የኃይል አቅርቦቱን ቮልቴጅ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ በዳታሺቱ (በአምራቹ ቴክኒካዊ መግለጫ) ላይ ቪአይኤች (ግብዓቱ «አንድ» ብሎ ለመቁጠር የሚፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ) እና ቪአይኤል («ዜሮ» ብሎ የሚቆጥረው ከፍተኛ ቮልቴጅ) ተብለው የሰፈሩትን ሁለት ድንበሮች ማንበብ ያስፈልጋል።

የነዚህ ድንበሮች መነሻ ቲቲኤል የተባለው የቀድሞ የሎጂክ ቺፖች ቤተሰብ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1964 በ5400 ተከታታይ ቺፖች፣ ቀጥሎም በ7400 ያስፋፋው ይህ የ5 ቮልት ሎጂክ ከ2 ቮልት በላይ ያለውን «አንድ»፣ ከ0.8 ቮልት በታች ያለውን «ዜሮ» ይላል። የ3.3 ቮልት ሎጂክም እነዚህኑ የተከበሩ ቁጥሮች ወረሰ፤ በመሆኑም የ5 ቮልት ቲቲኤል ግብዓትን ያለ አስማሚ ይነዳል። ሌላው የቺፕ ቤተሰብ፣ የ5 ቮልት ሲሞስ፣ ግን የአቅርቦቱን 70 በመቶ፣ ማለትም 3.5 ቮልት ይጠይቃል፤ 3.3 ቮልት እዚያ አይደርስም።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በኤልኢዲ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ነው። በብዙዎቹ ፓነሎች መግቢያ ላይ 74ኤችሲ245 የተባለ፣ ምልክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ የሲሞስ ቺፕ ይገኛል። ከ3.3 ቮልት መቆጣጠሪያ በቀጥታ ሲነዳ ምስሉ ሊንቀጠቀጥ፣ ቀለሙም ሊዛባ ይችላል። በቀጥታ ማገናኘት ይበቃል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ቺፑ በተግባር የሚቀያየረው በአቅርቦቱ ግማሽ አካባቢ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ አይካድም። አምራቹ ዋስትና የሰጠው ግን ለ3.5 ቮልት ነው፤ ተሰቅሎ ለሚቀር ሰሌዳ ከዚህ በታች መውረድ ተገቢ አይደለም። መፍትሔው በ5 ቮልት የሚሠራ፣ የግብዓት ድንበሩ ግን እንደ ቲቲኤል የሆነ 74ኤችሲቲ245 መሀል ማስገባት ነው፤ በ2 ቮልት ተቀብሎ በ5 ቮልት ይልካል።

ናሽናል ሴሚኮንዳክተር እ.ኤ.አ. በ1996 ያስተዋወቀው ኤፍፒዲ ሊንክ፣ ማለትም ምስልን ወደ ፓነል የሚያደርስ ግንኙነት፣ በኤልቪዲኤስ (በሁለት ሽቦዎች መካከል ባለ አነስተኛ የቮልቴጅ ልዩነት መላክ) ላይ የተመሠረተ ድንቅ ሥራ ነው። በ1.2 ቮልት ዙሪያ 350 ሚሊ ቮልት ገደማ ብቻ የሚወዛወዝ ጥንድ ሽቦ በ100 ኦም ሬዚስተር ይዘጋል። የውጤቱ ወገን በመስፈርት የተወሰነ ስለሆነ ምርጫው የሚከብደው በግብዓቱ ወገን ነው። የዚህ ግንኙነት መላኪያ የሆነው ዲኤስ90ሲ385 የ3.3 ቮልት ቺፕ ሲሆን «አንድ» ለማለት 2 ቮልት ይፈልጋል፤ የ1.8 ቮልት ፕሮሰሰር ይህን የተረጋገጠ ድንበር አያሟላም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኤስኤን75ኤልቪዲኤስ83ቢ ግን ለግብዓቶቹ የተለየ የአቅርቦት እግር ስላለው ከ1.8 እስከ 3.3 ቮልት ይቀበላል። የዲቪአይ (የኮምፒውተር ማሳያ ማገናኛ) መላኪያው ቲኤፍፒ410 ደግሞ ልዩነቱን ቪሬፍ በተባለው የማጣቀሻ ቮልቴጅ እግሩ ይፈታል፦ እግሩ ከ3.3 ቮልት ጋር ሲታሰር ሙሉ ምልክት፣ ከ0.55 እስከ 0.9 ቮልት ሲሰጠው አነስተኛ ምልክት ያነባል።

በኤችዲኤምአይ በኩል ማሳያው ማንነቱን የሚናገርበት ዲዲሲ መስመር በ5 ቮልት ይሠራል። ይህ መስመር 5 ቮልት ከማይችል የ3.3 ቮልት እግር ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ትርፉ በመከላከያ ዳዮዱ በኩል ወደ አቅርቦቱ ይፈሳል፤ ቺፑንም ሊያበላሽ ይችላል። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ቢኤስኤስ138 ትራንዚስተርና ሁለት ሬዚስተሮች በሁለቱም አቅጣጫ ያስማማሉ።