ተርክስ እና ካይኮስ፦ ለንደን ሰጥታ ስትነሳ

ተርክስ እና ካይኮስ ከባሃማስ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሄይቲ በላይ የተበተኑ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ገንዘባቸው የአሜሪካ ዶላር፣ ገዥያቸው እንግሊዝ። ሰው የሚያውቃቸው በነጭ አሸዋቸውና በውድ ሆቴሎቻቸው ነው፤ ፖለቲካቸው ግን ጉደኛ ነው።

የራስ አስተዳደር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የመጀመሪያው ዋና ሚኒስትር ማካርትኒ ነፃነትም ፈልገው ነበር። ፓርቲያቸው ቀጣዩን ምርጫ ካሸነፈ ይሆናል ተባለ። በ1980 እሳቸው በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፣ ፓርቲያቸው ተሸነፈ፣ የነፃነቱም ነገር በዚያው ቀረ። በ1985 ደግሞ ሌላው ዋና ሚኒስትር ኖርማን ሳንደርስ በዕፅ ጉዳይ ማያሚ ላይ ተያዙ፤ በዓመቱ ለንደን የሚኒስትሮቹን መንግሥት አገደች፣ የመለሰችውም በ1988 ነው።

ትልቁ ጣጣ ግን የመጣው በመንግሥት መሪው በማይክል ሚሲክ ዘመን ነው። ነገሩ የመሬት ነው። የመንግሥት መሬት ለአገሬው ተወላጅ በቅናሽ ይሰጥ ነበር፣ ሐሳቡም ደግ ነበር። ችግሩ፣ በርካሽ የወሰደው ሰው ለውጭ ባለሀብት አስተላልፎ ጠቀም ያለ ትርፍ ይዝቅ ነበር፤ ማን ይውሰድ የሚለው ደግሞ በሚኒስትሮቹ እጅ ነበር። በዳኛ ሮቢን ኦልድ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ሥር የሰደደ ሙስና የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው አለ። ሚሲክ አላደረግኩም ብለው በመጋቢት 2009 ለቀቁ።

ነሐሴ ላይ በለንደን ትእዛዝ ካቢኔው ፈረሰ፣ ምክር ቤቱም ተበተነ፣ ከተራ ዜጎች በተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) የመዳኘት መብት ሳይቀር ታገደ፣ እንግሊዛዊው አገረ ገዥ ብቻቸውን ያዙት። ሚሲክን የተኩት ጋልሞ ዊሊያምስ ዳግም ቅኝ ግዛት ነው ብለው ጮኹ። እውነት ለመናገር ካዝናው ተራቁቶ ነበር፤ እንግሊዝ በኋላ የ260 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ እስከ መሆን ደርሳለች። ቢሆንም ሚኒስትር ሰረቀ ተብሎ የመራጩ ድምፅ ለምን ይወሰዳል? ሌባን መክሰስ አንድ ነገር ነው፣ ምርጫን መዝጋት ሌላ።

ለ2011 የተባለው ምርጫ ተጎትቶ ኅዳር 2012 ተደረገ። በአዲሱ ሕገ መንግሥት በዚያ ምርጫ 15 የምክር ቤት አባላት ተመረጡ፤ 10ሩ በየወረዳቸው፣ 5ቱ በመላው ደሴቶች ድምፅ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና ጸጥታ ግን ከአገረ ገዥው እጅ አልወጡም። ምርጫውን 8 ለ 7 ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? የሚሲክ የቀድሞ ፓርቲ። እሳቸው በወሩ ብራዚል ውስጥ ተያዙ።