ጎንደር ላይ ሆኖ የክላውድ ፈተና መውሰድ

የክላውድ ሰርተፍኬት ፈተና አንድ ሰው የአማዞንን፣ የማይክሮሶፍትን ወይም የጉግልን የክላውድ አገልግሎት (በኢንተርኔት በኩል የሚከራይ ኮምፒውተርና የመረጃ ማከማቻ) በሚገባ ማወቁን ኩባንያው ራሱ የሚያረጋግጥበት ፈተና ነው። ጎንደር ላይ ለመፈተን የሚያስበው ሰው ብዙውን ጊዜ አዲስ ምሩቅ ወይም የመሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነው። የሚያጠናው ነገር ናይሮቢ ወይም ለንደን ያለው ተፈታኝ ከሚያጠናው አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከጥናቱ ውጭ ነው፦ ክፍሉ፣ መብራቱ፣ ስሙ፣ ሰዓቱ።

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከአማዞኑ ክላውድ ፕራክቲሽነር ነው። 65 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፣ 100 ዶላር። ማለፊያው ከ1000 ነጥብ 700 ነው። ከ65ቱ 15ቱ አይታረሙም፤ ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገርም። ቀጥሎ ያለው ሶሉሽንስ አርኪቴክት አሶሺዬት 130 ደቂቃ ይሰጣል፣ 150 ዶላር ያስከፍላል፣ ማለፊያውም 720 ነው። በማይክሮሶፍት በኩል አዙር የሚባለው የክላውድ አገልግሎቱ መነሻ ፈተና ኤዜድ-900 ነው። ለጥናቱ ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም። አማዞን ስኪል ቢልደር ላይ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ማይክሮሶፍት ለርን ላይ ነፃ ትምህርት አላቸው።

ጥያቄዎቹ ሽምደዳን ብዙ አይወዱም። ለምሳሌ አንድ ድርጅት ለዓመታት ማስቀመጥ ያለበት፣ ግን ከስንት አንዴ ብቻ የሚከፍተው ሰነድ አለው፤ በዝቅተኛ ዋጋ የት ያስቀምጠው? አራቱም ምርጫዎች ሰነዱን ያስቀምጣሉ። መልሱን የሚለየው ‹በዝቅተኛ ዋጋ› የምትለዋ ቃል ናት፤ እሷን አይቶ ኤስ3 ግላሲየርን፣ ማለትም የአማዞንን ርካሽ የቆየ ሰነድ ማከማቻ፣ የመረጠ አገኘ። ስህተት ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ መተው ሞኝነት ነው። በአማርኛ የሚሰጥ ፈተና የለም። ሆኖም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው አማዞን 30 ደቂቃ ይጨምራል። ጭማሪው ቀን ከመያዙ በፊት በአካውንት በኩል መጠየቅ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀን ይይዛልና ነገሩ ያስቆጫል።

የአማዞንንም የማይክሮሶፍትንም ፈተና የሚያስፈትነው ፒርሰን ቪዩ ነው። አንዱ አማራጭ አዲስ አበባ ባለ የፈተና ማዕከል መቀመጥ ነው። ከጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የትኬቱና የአልጋው ወጪ ከፈተናው ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ሌላው አማራጭ ቤት ሆኖ በካሜራ መፈተን ነው። ያኔ ክፍሉን በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንስቶ መላክ ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ስልክ፣ ሰዓት፣ ወረቀት አይቀመጥም። ጥያቄን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አይፈቀድም። በመሃል ሰው ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። እንግዳ ሳያንኳኳ በሚገባበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ዶርም ውስጥማ አይታሰብም። የቤቱን ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቅና በሩን መቆለፍ የግድ ነው። 44 ታቦት ባለባት ከተማ የእሁድን ጠዋት መምረጥም አያዋጣም፤ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጸጥ ያለ ክፍልም ሆነ ባዶ የሆቴል አልጋ መፈለግ ድካም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው መብራት ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ራውተሩ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) መግዛት ወይም ጀነሬተር ያለበት ሆቴል ለግማሽ ቀን ክፍል መያዝ ብልህነት ነው። የሞባይል ዳታን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይመከርም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ለወራት የሞባይል ዳታ መቋረጡን ጎንደሬ አልረሳውም። መስመሩ ለአፍታ ከተቋረጠ ተመልሶ መግባት ይሞከራል። ነገሩ ከወዲሁ ካላማረ ግን ከ24 ሰዓት በፊት ቀን መቀየር ይቻላል።

ስምና ሰዓት ትንሽ ነገር ይመስላሉ፣ ግን ገንዘብ ያስበላሉ። አካውንቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ለዚህ ፓስፖርት ይመረጣል። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ያየ ሰው ችግሩ ይገባዋል። አካውንት ሲከፈት ፓስፖርቱን አጠገብ አድርጎ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ሰዓቱም እንደዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 9 ሰዓት ተብሎ የተያዘ ፈተና በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት መስሎት የመጣ ሰው በስድስት ሰዓት ዘግይቷል፣ ገንዘቡም አይመለስለትም።

ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ወይም በቫውቸር (በገንዘብ ፋንታ በሚገባ የፈተና ኮድ) ነው። ካርድ የሌለው ውጭ ያለ ዘመድ ያስከፍላል፤ ቫውቸር የሚሰጡ የሥልጠና ፕሮግራሞችም አሉ። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት የተሰረቁ ጥያቄዎች ግን ጣጣቸው ብዙ ነው። ኩባንያው ከደረሰበት ሰርተፍኬቱን ይሰርዛል፣ እንዳይፈተንም ያግዳል።

የአማዞን ውጤት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይደርሳል። የወደቀ ሰው ከ14 ቀን በኋላ እንደገና ከፍሎ ይቀመጣል። ያለፈ ደግሞ ለቀጣዩ ፈተና የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ያገኛል። የአማዞን ሰርተፍኬት ሦስት ዓመት ያገለግላል። ኤዜድ-900 ጊዜ አያልፍበትም። ከሱ በላይ ያሉት የማይክሮሶፍት የሙያ ሰርተፍኬቶች በየዓመቱ ይታደሳሉ፤ እድሳቱ በነፃ ነው፣ ካሜራም ተቆጣጣሪም የለበትም።