«እናቴን ናርሲንግ ሆም አላስገባም» ከማለታችን በፊት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ላይ ይህ ወሬ አይጠፋም። እናት ከአገር ቤት መጥታለች፣ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ልጆች ሁለት ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አንዱ «ለምን አንድ ቦታ አታስገቧትም?» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል።

የእኔ እናት ሲኒየር አፓርትመንት መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ በፊት እኔም ከታች በጥቅስ የተጻፉትን አባባሎች ሁሉ አምን ነበር።

«ሁሉም ያው ናርሲንግ ሆም ነው»

አይደለም። ሌላው ስህተት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሲኒየር አፓርትመንት የራስ ቁልፍ፣ የራስ ወጥ ቤት ያለው ተራ ቤት ነው። ልዩነቱ ጎረቤቶቹ በዕድሜ የገፉ መሆናቸው ነው። ነርስ የለም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የተሠሩም አሉ። በ1959 በወጣው ሕግ የተጀመረው ሴክሽን 202 የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም 62 ዓመት የሞላቸውን ይቀበላል። ኪራዩ ከገቢያቸው 30 በመቶ ገደማ ነው። አሲስትድ ሊቪንግ ደግሞ ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ለሚያስቸግራቸው ነው። ምግብ አብስለው ያቀርቡላቸዋል። ናርሲንግ ሆም የሚባለው ቀንም ሌሊትም የነርስ ክትትል ያለበት ነው። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ለብቻው የተዘጋጀ ክፍልም አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ እናትን እንይ። ራሷ ትታጠባለች? ትለብሳለች? ትበላለች? ሽንት ቤት ብቻዋን ትሄዳለች? ከአልጋ ተነስታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች? ባለሙያዎቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ለአምስቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ስለ ናርሲንግ ሆም መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

«ወላጅን ማስገባት መጣል ነው»

ይህ ሲነገር ልብ ይነካል። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። አገር ቤት የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መቄዶንያ ነው። ቢኒያም በለጠ ከጎዳና እያነሳ የሚያኖራቸው፣ ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሰዎች ናቸው። ያንን እያሰብን እናታችንን እዚያ ውስጥ ስናያት እንደነግጣለን።

ግን አዲስ አበባ ያለች እናት ከልጇ ሌላ ጎረቤት አላት። ዕድር አላት። ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። እዚህ የእኛ ቤት ምን ነበረ? ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም እንወጣለን። ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንመለሳለን። መኪና አትነዳም። አውቶቡስ ፌርማታው ሩቅ ነው። ውሎዋ መስኮትና ስልክ ነበር። አንድ ቀን ስመለስ ምሳዋ እንደተከደነ አገኘሁት። «ብቻዬን እህል አይወርድልኝም» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ «ከእኛ ጋር ናት» ማለት አልቻልኩም።

አሁን ያለችበት ፎቅ ላይ ሌሎች ሁለት የሐበሻ እናቶች አሉ። ቡና በየተራ ያፈላሉ። አንዷ ካልወጣች በሯን ያንኳኩላታል። ይህ ግን በየሕንፃው አይገኝም። አማርኛ የሚናገር አንድም ሰው የሌለበት ቤት ከልጅ ቤት የባሰ ብቸኝነት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሕንፃ ስታዩ ከመዋኛውና ከሳሎኑ በፊት «እዚህ የእኛ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ሜዲኬር ይከፍላል»

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ለሕክምና እንጂ ለመኖሪያ አይከፍልም። ለአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይ ምንም አይሰጥም። በመደበኛው ሜዲኬር ናርሲንግ ሆምን የሚሸፍነው ሰውየው ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ፣ የነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ክትትል ሲያስፈልገው ነው። እሱም እስከ 100 ቀን ብቻ። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይከፈላሉ። ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ታካሚው በየቀኑ የሚከፍለው ድርሻ አለ። ክትትሉ አያስፈልግም ከተባለ ደግሞ 100 ቀን ሳይሞላ ያበቃል። በ3ቱ ቀን ላይም ተጠንቀቁ። ሆስፒታሉ «ለክትትል (ኦብዘርቬሽን) ነው ያቆየናቸው» ብሎ ከመዘገበ አልጋ ላይ ቢተኙም አይቆጠርም። እንዴት እንደተመዘገቡ እዚያው እያሉ ጠይቁ።

ናርሲንግ ሆምን ለረጅም ጊዜ የሚከፍለው ሜዲኬይድ የሚባለው ሌላው የመንግሥት የጤና መድን ነው፣ ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ። ግሪን ካርድ ይዘው ለመጡ ወላጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት መጠበቅ አለ። የሜዲኬር የሆስፒታል ክፍልም (ፓርት ኤ) በነፃ የሚገኘው ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው 10 ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ከከፈሉ ነው። አለበለዚያ 5 ዓመት ኖረው በየወሩ እየከፈሉ ይገባሉ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሜዲኬይድ እንዲያገኙ ብሎ የወላጁን ቤት በራሱ ስም ያዞራል። ሜዲኬይድ ግን 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ምን ንብረት እንደተላለፈ ያያል። በአረጋውያን ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ሳታማክሩ አትንኩት።

«ሲደክሙ እንፈልጋለን»

ያኔ ይዘገያል። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ወረፋ በብዙ ከተማ ዓመታት ይወስዳል። ነርስ የሌለው አፓርትመንት ከደከሙ በኋላ ቢደርሳቸው ምን ያደርግላቸዋል? በእግራቸው እየሄዱ ሳሉ ተመዝገቡ፣ በብዙ ቦታ። ተራ ሲደርስ እምቢ ማለት ይቻላል።

«ጾማቸው፣ ቡናቸው፣ ሁሉም እዚያ ያልቃል»

ግማሹ እውነት ነው፣ አልደብቅም። አፓርትመንት ውስጥ እናቴ የራሷን ሽሮ ትሠራለች፣ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ቡና ስትቆላ ግን የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ሕንፃው ሁሉ ወጣ። አሁን የተቆላ ቡና እናመጣላታለን። ዕጣኑን ትታዋለች። ቀላል ነገር አልነበረም፣ ለእሷ ቡና ያለ ዕጣን ቡና አይደለም።

ምግብ ከማእድ ቤት በሚመጣበት ቦታ ጾሙን በጽሑፍ ማስያዝ ያስፈልጋል። «ፋስቲንግ» ብትሏቸው ምንም አለመብላት ይመስላቸዋል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም፣ «ቬጋን» በሏቸው። የትኞቹ ቀናት እንደሆኑም በወረቀት ስጡ።

ትልቁ ድክመት ቋንቋ ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛው ይጠፋባቸውና አማርኛው ብቻ ይቀራል። ዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) የሐበሻ ልጆች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ሌሊት ማን አለ ነው። ቤቱን ስትጎበኙ የማታውን ፈረቃ ጠይቁ።

«ካስገባን በኋላ ጭንቀቱ የእነሱ ነው»

ይህኛው በተቃራኒው በኩል ያለ ስህተት ነው። አሲስትድ ሊቪንግ የሚያስፈልገው እርዳታ ሲጨምር ክፍያውም ይጨምራል። ከአቅማችን በላይ ናቸው ብሎ ሊያስወጣም ይችላል። ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ስለዚህ ውሉ ላይ «በምን ምክንያት ታስወጣላችሁ?» የሚለውን ፈልጉ። ለናርሲንግ ሆም ግን በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። እንግዳ የመቀበል፣ ቅሬታ የማቅረብ፣ ያለ ሕክምና ምክንያት አልጋ ወይም ወንበር ላይ ያለመታሰር መብት ይሰጣል።

አጎቴ ለጥቂት ሳምንታት ማገገሚያ ገብቶ ነበር። ደወል ተጭኖ ብዙ ይጠብቅ ነበር። ለነርሷ ነገርን፣ ለኃላፊዋ ነገርን፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ለኦምቡድስማን ደወልን። በየስቴቱ አለ፣ ነፃ ነው፣ ሥራው ለነዋሪው መቆም ነው። የዚያ ቢሮ ሠራተኛ መጥታ አጎቴን አነጋገረችው። ከዚያ በኋላ ተሻለ። እኛም ሰዓት እየቀያየርን እንሄድ ነበር፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ አንድ ቀን ከራት በኋላ። አልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ አሥራ አምስት ቃላት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈን ለጠፍን። ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ልጄን ጥሩልኝ። በሳምንቱ አንዷ ሠራተኛ «በረደህ?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችው።