ከቤት አትውጡ የተባለ ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ

በወረርሽኝ ወቅት የወጣን ከቤት ያለመውጣት ትዕዛዝ መቃወም ከሌላው የአደባባይ ተቃውሞ የሚለየው መውጣቱ ራሱ የተከለከለ በመሆኑ ነው። የደመወዝ ጭማሪ የሚጠይቅ ሠራተኛ ጥያቄውን ለማሰማት ሰልፍ ይወጣል። የቤት መቀመጥ ትዕዛዝን የሚቃወም ሰው ግን ደጃፉን በተሻገረባት ቅጽበት ጥያቄውንም አቅርቧል፣ ሕጉንም ጥሷል። በዚያ ላይ ከጎኑ ለቆመው ሰልፈኛ፣ ለሚበትነው ፖሊስና ማታ ቤት ለሚጠብቁት ቤተሰቦቹ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰልፍ መመዘን ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዓለም ይህን ተቃውሞ በስፋት ያየው ኮቪድ-19 በተዛመተባቸው ከ2020 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 የቻይናዋ ዉሃን ከተማ ተዘጋች። በማርች መጀመሪያ ጣሊያን መላ አገሯን ዘጋች። የዓለም የጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካወጀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከሰው ልጅ ግማሽ የሚጠጋው በአንድ ወይም በሌላ ዓይነት የእንቅስቃሴ ገደብ ሥር ወድቆ ነበር። ተቃውሞውም አልዘገየም።

በዚያን ጊዜ የወጡትን ሰልፎች ሁሉ በጅምላ «ፀረ ገደብ» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ጓዳው ሞልቶ «መንግሥት ሕይወቴን ሊያዝዝብኝ አይገባም» ያለው ሰውና ልጆቹ ሳይበሉ ስላደሩ የወጣው ሰው የያዙት ጉዳይ አንድ አይደለም። መንግሥታት የሰጧቸው መልስም አንድ አልነበረም።

ከኮቪድ በፊት

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1771 ቸነፈር ሞስኮን ሲያምሳት ባለሥልጣናት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶችን ዘጉ፣ የታመመ ሰው የተገኘበትን ቤት ንብረት ያለ ካሳ አቃጠሉ፣ ሕዝቡንም እያስገደዱ ለይቶ ማቆያ አስገቡ። ሊቀ ጳጳሱ አምብሮሲዎስ፣ ምእመናን ተጨናንቀው የሚሳለሟት የእመቤታችን ሥዕል በሽታውን ታዛምታለች ብለው ከቦታዋ ሊያስነሷት ሲያዝዙ ከተማዋ በዐመፅ ተናጠች፤ እርሳቸውም በሕዝቡ እጅ ተገደሉ። ሊቀ ጳጳሱ ስለ በሽታው ያሰቡት ትክክል ነበር። ከዐመፁ በኋላ ንግሥት ካትሪን ልካው ሞስኮ የገባው ግሪጎሪ ኦርሎቭ ግን ሌላም ነገር ተረድቶ ነበር፤ ንብረት ለተቃጠለባቸው ካሳ እንዲከፈል፣ እንጀራቸው ለተቋረጠ ሰዎችም የሚከፈልበት ሥራ እንዲሰጥ አደረገ።

በአማርኛ የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወቀው የ1918 ኢንፍሉዌንዛም የራሱን ተቃዋሚዎች አፍርቷል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1919 መጀመሪያ የተቋቋመው ፀረ ጭምብል ማኅበር ትልቅ ስብሰባ አድርጎ ነበር፤ የጭምብል ግዴታውም ፌብሩዋሪ 1 ቀን ተነሣ። ጉዳዩ ግን ቤት ስለመቀመጥ አልነበረም።

ለኋለኛው ዘመን ትክክለኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከላይቤሪያ ነው። ኦገስት 20 ቀን 2014 የሞንሮቪያዋ ዌስት ፖይንት ሰፈር ነዋሪዎች ማልደው ሲነሡ መውጫቸው ሁሉ በጣውላና በእሾኽ ሽቦ ታጥሮ አገኙት። ፕሬዚዳንት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ሰፈሩ በኢቦላ ምክንያት እንዲዘጋ አዝዘው ነበር። ዌስት ፖይንት ወደ ውቅያኖሱ ገባ ያለች ጠባብ መሬት ናት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በቆርቆሮ ቤቶች ተጠጋግቶ ይኖርባታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጠዋት ካልወጡ ማታ የሚቀምሱት የላቸውም። በዚያው ቀን የአካባቢው የመንግሥት ተወካይ ቤተሰባቸውን በጸጥታ ኃይሎች ታጅበው ሊያስወጡ መጡ። ለሕዝቡ የተዘጋው አጥር ለባለሥልጣን ሲከፈት ማየት ቁጣውን አነደደው። ድንጋይ ተወረወረ፤ ወታደሮች ተኮሱ፤ አንድ የ15 ዓመት ልጅ እግሩን ተመትቶ ሞተ። እገዳው ከ10 ቀናት በኋላ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ኢቦላን የመከታተሉ ሥራ በአብዛኛው የተሠራው በነዋሪዎቹ ነው፤ የሰፈሩ ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ይጠይቁ ነበር። ይህ ሁሉ ከኮቪድ ስድስት ዓመት በፊት የታየ ነበር፤ ብዙ መንግሥታት ግን ያንኑ ስህተት ደገሙት።

የባዶ ጓዳ ሰልፎች

ማርች 24 ቀን 2020 ከምሽቱ 2 ሰዓት የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን ቀርበው አገሪቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለ21 ቀናት እንደምትዘጋ ተናገሩ። ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ የተሰጠው የመዘጋጃ ጊዜ አራት ሰዓት ነበር። ባቡርና አውቶቡስ ቆመ። ከገጠር መጥተው በየፋብሪካውና በየግንባታው የሚሠሩ ሚሊዮኖች ሥራም፣ የቤት ኪራይም፣ የመመለሻ መንገድም አጡ። በእግራቸው ወደየመንደራቸው የተጓዙት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጓዙ። ኤፕሪል 10 ቀን የሱራት ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ደመወዛችን ይከፈለን፣ ወደ አገራችን መልሱን ብለው ጎዳና ወጡ። ኤፕሪል 14 ቀን ገደቡ መራዘሙ ሲነገር ደግሞ በሙምባይ ባንድራ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሺዎች ተሰበሰቡ። ፖሊስ በዱላ በተናቸው። እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ቤታቸው መቀመጥን ነበር፤ ቤታቸው ግን ሩቅ ነበር።

በማላዊ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፕሬዚዳንት ፒተር ሙታሪካ ከኤፕሪል 18 ቀን 2020 እኩለ ሌሊት ጀምሮ የ21 ቀን ገደብ እንደሚጀመር ሲያስታውቁ የገበያ ነጋዴዎች በሙዙዙ፣ በብላንታየርና በሊሎንግዌ አደባባይ ወጡ። መልእክታቸው በረሃብ ከመሞት በኮሮና መሞት ይሻላል የሚል ነበር። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ጥምረት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ገደቡ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው አገደው። የተሟጋቾቹ መከራከሪያ በሽታ የለም የሚል አልነበረም። ሥራ አቁሞ ቤቱ እንዲቀመጥ የታዘዘ ድሃ ምን እንደሚበላ መንግሥት ይንገረን የሚል ነበር። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ መንግሥት ለከተማ ድሆች የገንዘብ ድጋፍ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሰልፉና ክሱ ባይኖሩ ያ ድጋፍ በዚያ ፍጥነት ይታሰብ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ሁሉም ግን እንዲህ ዓይነት መልስ አላገኘም። ኤፕሪል 1 ቀን 2020 በፊሊፒንስ ኬሶን ከተማ ሳን ሮኬ በተባለ ድሃ ሰፈር ምግብ ይሰጠን ያሉ 21 ሰዎች ታሰሩ። በዚያው ምሽት ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ችግር የሚፈጥሩትን ተኩሳችሁ ግደሉ ብለው ለጸጥታ ኃይሎች ሲናገሩ አገር ሰማ። የናይጄሪያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚሁ ወር አጋማሽ እንዳስታወቀው ገደቡን የሚያስከብሩ የጸጥታ ኃይሎች 18 ሰዎችን ገድለው ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በበሽታው የሞቱት 12 ነበሩ።

ከኮሎምቢያ የተገኘው የተቃውሞ ዘዴ ከሁሉም በላይ ልብ ይነካል። ከቦጎታ አጠገብ ባለችው በሶአቻ ያሉ ቤተሰቦች ምግብ ሲያልቅባቸው በመስኮታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ መስቀል ጀመሩ። አሮጌ ሸሚዝም ሆነ የፎጣ ቁራጭ፣ ቀይ እስከሆነ ድረስ ይበቃ ነበር። ትዕዛዙን ሳይጥሱ፣ ደጃፋቸውን ሳይሻገሩ፣ ረሃባቸውን ለመንገዱ ተናገሩ። ከተራራው ሥር ያሉት ሰፈሮች በቀይ ጨርቅ ሲሸፈኑ ማንም አላየሁም ሊል አልቻለም። በሜይ 18 ቀን በቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ የኤል ቦስኬ ነዋሪዎች በምግብ እጦት ጎዳና ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ በዚያው ምሽት በከተማዋ መካከል ባለ ረጅም ሕንፃ ላይ «ረሃብ» የሚል አንድ ቃል በብርሃን ተጽፎ ታየ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የሊባኖሷ ትሪፖሊ፣ ገንዘቧ በረከሰባትና የሃያ አራት ሰዓት እገዳ በተጣለባት አገር፣ ለቀናት በግጭት ታመሰች። አንድ ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ፣ የማዘጋጃ ቤቱም ሕንፃ ተቃጠለ።

የነፃነት ጥያቄ

በዜና ይበልጥ የተወራላቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ሰልፎች ናቸው። የሚሺጋን ገዥ ግሬችን ዊትመር በማርች 2020 ያወጡትን ትዕዛዝ ኤፕሪል 9 ቀን አጠበቁት። በትልልቅ መደብሮች የአትክልት ዘርና የጓሮ ዕቃ የሚሸጥበት ክፍል እንዲዘጋ፣ ሰው ወደ ሁለተኛ ቤቱ እንዳይሄድ ተደረገ። ልክ የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ ዘር መግዛት መከልከሉ ብዙዎችን አበሳጨ፤ እኔም ቁጣቸው ይገባኛል። አንድ ደንብ በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ለሰው ማስረዳት ካልተቻለ የሌሎቹንም ደንቦች ተአማኒነት ይዞ ይወድቃል። ኤፕሪል 15 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ተቃዋሚዎች በመኪና ሆነው ጥሩምባ እየነፉ የላንሲንግ ከተማን መንገዶች ዘጉ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በትዊተር «ሚሺጋንን ነፃ አውጡ» ብለው ጻፉ፤ ስለ ሚኒሶታና ቨርጂኒያም እንዲሁ አሉ። ኤፕሪል 30 ቀን ጠመንጃ ያነገቡ ሰዎች ወደ ክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ገቡ። ያ በወቅቱ በሕግ አልተከለከለም፤ ቢሆንም መሣሪያ ይዞ ከሕግ አውጪዎች ራስ በላይ መቆም ከተቃውሞ ይልቅ ማስፈራሪያ ነው።

ከዚያ ወቅት ከአእምሮዬ የማይጠፋው ከዴንቨር የወጣው ምስል ነው። ኤፕሪል 19 ቀን የተቃዋሚዎች መኪናዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ የሆስፒታል ልብስና ጭምብል ያደረጉ ባለሙያዎች እጃቸውን አጣምረው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። አይናገሩም። መኪናዎቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፤ እነርሱ አይንቀሳቀሱም።

በክፍለ ግዛቶቹ ክርክሩ ከመንገድ ወደ ፍርድ ቤት ገባ። የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 13 ቀን 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ የቤት መቀመጥ ትዕዛዙን ሻረው። በሰርቢያ የመንገዱ ድምፅ ብቻ በቂ ሆነ፤ ፕሬዚዳንት አሌክሳንዳር ቩቺች ጁላይ 7 ቀን 2020 የቅዳሜና እሑድ ሰዓት እላፊ እንደሚመለስ ሲናገሩ ሕዝቡ የቤልግሬድን ምክር ቤት ጥሶ ገባ፤ በማግሥቱ ሐሳቡ ተተወ። በኔዘርላንድስ ጃንዋሪ 23 ቀን 2021 የተጀመረው ሰዓት እላፊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ምሽት በኡርክ የመመርመሪያ ጣቢያ ተቃጠለ፣ በማግሥቱ አይንድሆቨን በረብሻ ታመሰች። ምርመራ የሚደረግበትን ቦታ ማቃጠል የማንንም ነፃነት አያስከብርም።

በጀርመን ከሽቱትጋርት የተነሣው እንቅስቃሴ ኦገስት 29 ቀን 2020 በርሊን ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሰባሰበ። መካከላቸው ስለ ሥራቸው የተጨነቁ ወላጆችም፣ ክትባትን የሚፈሩም፣ የናዚ ዘመን ናፋቂዎችም ነበሩ፤ የተወሰኑት የምክር ቤቱን ደረጃ እስከ መውጣት ደርሰዋል። የጀርመን ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ኖቬምበር በላይፕሲግና በበርሊን የተደረጉትን ሁለት ሰልፎች ካጠኑ በኋላ ሰልፎቹ ባይደረጉ ኖሮ እስከ ገና ድረስ ከ16,000 እስከ 21,000 የሚሆን ተጨማሪ ሰው ባልተያዘ ነበር የሚል ግምት አቅርበዋል። ይህን ያሰሉት ሰልፈኞችን ያጓጓዙ አውቶቡሶች የተነሡባቸውን ከተሞች ከሌሎች ጋር በማነጻጸር ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በ1984 በዓለም አቀፍ የሕግ ባለሙያዎች የተረቀቁት የሲራኩሳ መርሆች መንግሥት ለሕዝብ ጤና ሲል መብትን ሊገድብ እንደሚችል ይቀበላሉ። ገደቡ ግን በሕግ የተመሠረተ፣ አስፈላጊ፣ ከአደጋው ጋር የሚመጣጠንና በጊዜ የተወሰነ መሆን አለበት። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2020 የጊሰን ከተማ ሰልፍ የከለከለችበትን ጉዳይ ሲያይ ባለሥልጣናት የእያንዳንዱን ሰልፍ ሁኔታ ሳይመረምሩ ሁሉንም በአንድ ቃል ሊከለክሉ አይችሉም ብሏል። ሰልፈኞች ተራርቀው ሊቆሙ ይችላሉና። በዚያው ወር በቴል አቪቭ መንግሥትን የተቃወሙ ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው፣ መሬት ላይ በተደረገላቸው ምልክት ላይ ቆመው ይህ እንደሚቻል አሳይተዋል።

ነጭ ወረቀት

የመጨረሻው ትልቅ ማዕበል የተነሣው ገደቡ መጀመሪያ ከተጣለበት አገር ነው። በ2022 የጸደይ ወራት 25 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ሻንግሃይ ለሁለት ወር ያህል ተዘጋች፤ ነዋሪዎች ማታ ማታ በመስኮት ድስት እየደበደቡ ምግብ ይጠይቁ ነበር። ኖቬምበር 24 ቀን፣ ከሦስት ወር በላይ ተዘግታ በቆየችው ኡሩምቺ ከተማ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተቃጠለ። እንደ መንግሥት ቁጥር 10 ሰዎች ሞቱ። ብዙ ቻይናውያን ለገደቡ የተተከሉት መሰናክሎች ሰዎቹ እንዳይወጡና የእሳት አደጋ መኪናም እንዳይደርስ አድርገዋል ብለው አመኑ፤ ባለሥልጣናቱ ግን አስተባበሉ።

በሻንግሃይ ዉሉሙቺ የሚባል መንገድ አለ፤ ስሙ ኡሩምቺ ማለት ነው። ሰዎች እዚያ አበባና ሻማ ይዘው መጡ። ከዚያ ባዶ ነጭ ወረቀት ከፍ አድርገው ቆሙ። ቃል ስላልተጻፈበት በየትኛው ቃል እንደሚከሰሱ አይታወቅም፤ ሊሉ የፈለጉትንም ሁሉም ያውቀዋል። ወረቀቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤጂንግ፣ ቼንግዱ፣ ጓንግዡና ዉሃን ደረሰ። በዲሴምበር 7 ቀን መንግሥት ዐሥር ነጥብ ያለው ማላላት አወጀ፤ የጅምላ ምርመራና መዝጋት እየቀረ መጣ። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ግን በቀጣዮቹ ሳምንታት ተለቅመው ታሰሩ። ሰልፉ በተደረገ በቀናት ውስጥ ሠራተኞች መጥተው «ዉሉሙቺ» የሚለውን የመንገዱን ምልክት ከምሰሶው ነቅለው ወሰዱት።